ካሴቱ ዕለቱን ሲጠብቅ

ላሊበላ ላይ «ወርቅአገኘሁ የሚባል ሰው ቤት የት ነው?» ብሎ የጠየቀ መንገደኛ ሲዞር ይውላል። «ቪዲዮው» ብሎ የጠየቀውን ግን የመጀመሪያው ባጃጅ ከበሩ ላይ ያወርደዋል። በእሱ ካሜራ ፊት ያልዳረ፣ በእሱ ካሜራ ፊት ያላለቀሰ የላስታ ቤት ጥቂት ነው። ወጣት ሳለ የእንግዳ ሻንጣ ተሸክሞ አሸተን ማርያም ይወጣ ይወርድ ነበር፤ ከእንግዶቹ አንዱ አገሩ ሲመለስ የሚሠራባትን ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ ከነካሴቶቿ ሰጥቶት ሄደ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜው በሁለት ጥላ ሥር አለፈ፤ በሠርግ ዳስና በለቅሶ ድንኳን።

አንድ አመል ግን ነበረበት። ዘፈን በተነሣ ቁጥር ካሜራው ከሙሽራዋ ላይ ይሸሽና የዘፋኟ አፍ ላይ ሄዶ ይተከላል። ሠርገኛው ቪዲዮውን ሲያይ ይቆጣል፤ «የእኛ ሙሽራ የት ገባች? የሰው ሴት ጥርስ ልንቆጥር ነው እንዴ የጠራንህ?» ይለዋል። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። በሚቀጥለው ሠርግም ያው ነው።

ዘፋኟ ይማርሽ ነበረች።

የይማርሽን ድምፅ የሰማ፣ ሰማሁ ብሎ አያወራም፤ አገኘኝ ይላል። ከገደል ሥር እንደሚነሣ ጉም ነበር፤ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አገሩን አልብሶት ይገኛል። ሠርግ ላይ ሽማግሌውን ከዱላው አላቅቃ ታስጨፍረዋለች። ለቅሶ ላይ ደግሞ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትቆምና፣

«ድንጋይስ ተጠርቦ ቤት ሆኖ ይኖራል፣
የሰው ልጅ ሲረግፍ ማን ለቅሞ ያኖራል»

ስትል፣ ቄሶቹ እንኳ «ተይ አንቺ ሴት፣ በልኩ አድርጊው» እያሉ ጥምጣማቸውን ወደ ግንባራቸው ይስባሉ፤ እንባቸው እንዳይታይ ነው።

የወርቅአገኘሁ ሚስት ማሚቱ ነገሩን ቀድማ አውቃዋለች። «እኔን በሽማግሌ አገባኸኝ፣ ይማርሽን በካሴት» ትለዋለች።

«ድምፁን ነው እንጂ ሴትዮዋንማ ማን አያት?»

«ድምፁስ ከማን ጉሮሮ ነው የሚወጣው፣ የኔ ጌታ?»

ወርቅአገኘሁ ካሜራውን መወልወል ይይዛል።

ይማርሽ ባሏ ሞቶባት አንዲት ልጇን ንጋትን በዘፈንና በሙሾ አሳደገች። ደጋው ግን ለሴት ልጅ አንገት አይራራም፤ እንቅርቱ ከዓመት ዓመት እያበጠ መጣ። መጀመሪያ በነጠላ ሸፈነችው። በኋላ ትንፋሽ ያሳጥራት፣ ስትተኛ ያንቃት ጀመር። ከተማ ወርዳ ሆስፒታል ተቀደደች። ሐኪሙ አስቀድሞ ነግሯት ነበር፤ «ድምፅሽ ሊነካ ይችላል፣ ካልወጣ ግን ነፍስሽን ይወስዳል» ብሎ። ልጅ ያላት ሴት ምን ትመርጣለች? ትንፋሿ ተረፈ፤ ድምፅዋ እዚያው ቀረ። የቀረላት ነገር ቢኖር፣ ነፋስ የገብስ ገለባ ሲያገላብጥ እንደሚሰማው ዓይነት ሹክሹክታ ነው። ጠላ የጠጣ ሁሉ «ይማርሽ፣ አንድ በይን» እያለ ያሾፍባት ስለ ነበር ሠርግ መሄድ ተወች።

እንግዲህ ከኩልመስክ በላይ ባለው በይማርሽ የትውልድ ቀዬ አንድ ወግ አለ። ሙሽራ ከእናቷ ደጃፍ ስትወጣ እናትየዋ ናት ዘፍና የምታሻግራት። ድምፅ ሳትሰማ የወጣች ሙሽራ በክፉ ቀኗ የሚጠራት አይኖርም ይላሉ። እናት የሞተች እንደሆነ ሌላ ሴት በእናት ቦታ ቆማ ትዘፍናለች። እናት በሕይወት እያለች ሌላ ሴት ብትቆም ግን እናቲቱን ከነነፍሷ እንደ መቅበር ነው፤ ማንም አይደፍረውም።

ንጋት በጥር ልትዳር ሆነ።

ይማርሽ ወደ ወርቅአገኘሁ ሱቅ መጣች። ድምፅዋን ለመስማት ከጠረጴዛው በላይ ጎንበስ ማለት ነበረበት።

«ወርቄ፣ የዚያች እናት አልባዋ ሙሽራ ካሴት አለች?»

«አለች።»

«በእናቷ ቦታ ቆሜ የዘፈንኩላት?»

«አለች አልኩሽ እኮ።»

«እንግዲያው ንጋት በምትወጣበት ዕለት ደጃፌ ላይ ድምፄን አውጣልኝ። ድምፁን ብቻ። ሌላ ጌጥ አልፈልግም። ልጄ ድምፅ ሳትሰማ እንዳትወጣብኝ።»

«በእኔ ጣይው» አላት። ይማርሽ እጁን ስማ ወጣች፤ እሱም እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው።

በጦርነቱ ጊዜ ካሜራውንና ካሴቶቹን በላስቲክ ጠቅልሎ ጎተራ ሥር ቀብሯቸው ነበር። እርጥበቱ ካሴቶቹን በላቸው፤ ደህና የተገኘችው ያቺው አንዷ ናት። ካሜራውም ከጉድጓድ ሲወጣ እንደ ሽባ ነበር። ካሴት ያዞራል፤ በዓይን ማስጠጊያው ቀዳዳ ምስሉ ይታያል፤ ድምፅ ማሰሚያው ግን ዝም ብሏል፣ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው ገመድ መሰኪያም ዝጎ ተበልቷል። የተረፈች አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነች፤ ከኮምፒውተሩ ጋር የምታገናኘው። እሷም የምትግባባው በአሮጌው ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ከተሰካች አንዲት ካርድ ጋር ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበትን ኤክስፒ የሚባል የድሮ ሲስተም የተጫነበት ነው። አሮጌ ለአሮጌ ይግባባሉ፤ ወርቅአገኘሁም አልነካቸውም ነበር።

ይማርሽ ድምፁን ብቻ ነበር የለመነችው። በዚያኑ ቀን ካሴቷን አጫውቶ፣ ድምፁን ወደ ማሽኑ ገልብጦ፣ በፍላሽ ይዞላት ቢሄድ ኖሮ ይህ ሁሉ አይወራም ነበር። ወርቅአገኘሁ ግን የላሊበላ ሰው ነው። ታቦት ዕለቱ ሳይደርስ ከመንበሩ እንደማይነሣ እያየ ያደገ፣ ውድ ነገር ሁሉ ከመጎናጸፊያው የሚወጣበት አንድ ቀን አለው ብሎ የሚያምን ሰው ነው። ካሴት ደግሞ በተጫወተ ቁጥር ይሳሳል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ተሰናድቶ እስኪያልቅ ካሴቷን ከተጠቀለለችበት ነጭ ጨርቅ ላለማውጣት ለራሱ ማለ።

ሌላው ያለውም ሕልሙ ነበር። ድምፁን በባዶው መስጠት ነውር መሰለው። ንጋት ውኃ ስትቀዳ፣ ንጋት የተማሪ ቤት ደብተር ታቅፋ፣ ጉሙ ከአሸተን ላይ ሲወርድ፣ እናቲቱ ደጃፍ ላይ ቆማ፤ ይህን ሁሉ በአዲስ ካሜራ እየዞረ ቀረጸ። በመጨረሻ የይማርሽ ድምፅ በላዩ ላይ ይፈስሳል። ሙሽራዋ ስትወጣ ሠርገኛው በነጭ አንሶላ ላይ እያየ ይሰማል። እያሰበው ብቻውን ያለቅስ ነበር።

አሮጌው ማሽን ግን የአዲሱን ካሜራ ምስል መሸከም አቃተው። ሁለት ምስል አጋጥሞ ሦስተኛውን ሲያስከትል «ሚሞሪ አነሰኝ» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ እንደ በቅሎ ይቆማል። ወርቅአገኘሁ ወልድያ ለሚገኘው የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ወዳጁ ለሙጂብ ደወለ። ሙጂብ ሚሞሪ ገዝቶ በመኪና ላከለት፤ ስምንት ጂቢ። ወርቅአገኘሁ ሰካው፤ ማሽኑን አስነሣው፤ ቢያይ ሦስት ከምናምን ይላል። ነቅሎ ነፋበት። መልሶ ሰካ። ያው ሦስት ከምናምን።

ስልኩን አነሣ። «አንተ ሙጂብ! አመድ በወርቅ ወረቀት ጠቅልለህ ትልክልኛለህ?»

«ምን ሆንክ ያ ወርቄ?»

«ስምንት ብለህ ሦስት! የሃያ ዓመት ወዳጅነት በዚህ?»

«ወላሂ ስምንት ነው! በቁርአን እምልልሃለሁ። የምን ሲስተም ነው ያለህ?»

«ኤክስፒ ነዋ።»

ሙጂብ በስልኩ ውስጥ ሳቀ፤ ሳቁ ወርቅአገኘሁን አቃጠለው። «አይ ወንድሜ፣ ያ ሽማግሌ ከአራት በላይ መቁጠር አልተማረም እኮ። ከአራቱም ላይ ለሌላ ሌላ ዕቃው ቆንጥሮ ነው ሦስት ከምናምን የሚልህ። መቶ ብትከምርለት አያየውም። ሚሞሪው አለ፤ ዓይኑ ነው የሌለው። ሲስተሙን ቀይረው።»

ወርቅአገኘሁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ስልኩን ዘጋ። ያፈረ ሰው ደግሞ ይቸኩላል።

በማግስቱ ኮምፒውተር የተማረችውን፣ ከገበያው በታች የጽሑፍ መተየቢያ ሱቅ ያላትን ዘመንን ጠራት። ዘመን መጥታ ማሽኑን ከፍታ አየች፤ ካርዷንም በጣቷ ነካች።

«አያ ወርቅአገኘሁ፣ ይቺ ምንድን ነች?»

«የካሜራዬ ናት። አትንኪያት።»

«እኔማ አልነካትም፤ አዲሱ ሲስተም ያውቃት ይሆን ወይ ነው የምለው። ድራይቨሯ አለዎት?»

«ድራይቨር ደግሞ ምንድን ነው? መኪና አይደለችም።»

ዘመን ሳቀች። «እርስዎ ከእንግዳ ጋር ሲውሉ አስጎብኚ አልነበረም? ፈረንጁ የሚለውን ለቄሱ፣ ቄሱ የሚሉትን ለፈረንጁ የሚነግር። ድራይቨር ማለት እሱ ነው። እሱ ከሌለ ካርዷና ሲስተሙ ፊት ለፊት ቆመው አይነጋገሩም። ኢንተርኔቱ ቢኖር እፈልግልዎት ነበር፤ እንደሚያውቁት ተዘግቷል። መንገዱም ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። ሳላረጋግጥ አሮጌውን ባልደመስሰው ይሻላል።»

«ከካርዷ ጋር የመጣው ሲዲ ቤት አለ።»

«አይተውታል?»

«አለ አልኩሽ! ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ። ሠርጉ ደርሷል።»

ዘመን ዓይኑን አየችው። ታላቋ ነው፤ ሁለቴ ተናግራለች፤ ሦስተኛ መናገር ነውር ሆነባት። አሮጌውን ሲስተም ደመሰሰችው፤ አዲሱን ጫነችው። ማሽኑ ሲነሣ ስምንቱንም ቆጠረ። ምስሎቹ እንደ ውኃ ይፈሱ ጀመር። ወርቅአገኘሁ እጁን አጨበጨበ፤ ዘመንን ጉንጯን ሳማት። ንጋትን፣ ጉሙን፣ ደጃፉን ሁሉ አጋጥሞ ጨረሰና የካሴቷ ዕለት ደረሰች። እጁን ታጥቦ ነጩን ጨርቅ ፈታ። ካሴቷን ካሜራው ውስጥ አስገባ። ገመዱን ሰካ።

ማሽኑ «ያልታወቀ ዕቃ» አለ።

ነቀለ፤ ሰካ። «ያልታወቀ ዕቃ።»

«ማሚቱ!» ብሎ ጮኸ። «ያ ሲዲ የት አለ? ሰማያዊ ጽሑፍ ያለበት!»

ማሚቱ ከጓዳ ብቅ አለች። «የትኛው? የድሮዎቹ? ወንድሜ አረጋ አይደል ለገብሱ ብሎ የወሰዳቸው? አንተ ራስህ ነህ ጠራርገህ የሰጠኸው፤ የማይረባ ነው ውሰድ ብለህ።»

በላስታ የገብስ ማሳ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ወፍ ጠባቂ ነው። ወርቅአገኘሁ ትንፋሹ እስኪቆረጥ ወደ አረጋ ማሳ ወጣ። ገብሱ ታጭዷል፤ ሲዲዎቹ ግን በክር ታስረው ገና ከእንጨቱ ላይ ይሽከረከራሉ። የአሮጌው ሲስተም ሲዲ አለ። የካርዷም ሲዲ አለ፤ ሰማያዊ ጽሑፉ ሳይቀር። መሐላቸው ለክር ተበስቷል፤ ፊታቸውን በረዶ አቁስሎታል፤ ፀሐይ ልጧቸዋል። ፀሐይ ላይ አንሥቶ ቢያያቸው በስተጀርባ ያለው ሰማይ በወንፊት እንደሚታይ ይታየዋል።

ዘመን ያላት ሲስተም ሁሉ አዲስ ነው። ካርዷን የሠራው ድርጅት ሥራውን ካቆመ ቆይቷል፤ ለአዲስ ሲስተም የሚሆን ድራይቨር ሠርቶላት አያውቅም። «ይቅርታ አያ» አለችው፤ ነግሬዎት ነበር አላለችም። ብትለው ይሻለው ነበር።

ኩራቱን ውጦ ለሙጂብ ደወለ። ሙጂብ ስድቡን አላነሣበትም። «አሏህ ያውቃል፣ አሮጌ ሲዲ የማይጥል አንድ ሰው አለ፤ እጠይቃለሁ» አለው። አገኘለትም። ግን ሲዲው በተሳፈረበት ቀን መንገዱ ተዘጋ፤ መኪናው ወደ ወልድያ ተመለሰ።

ይማርሽ ሰምታ መጣች። አልተቆጣችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ «ልያት» አለች። ወርቅአገኘሁ ካሴቷን አስነሣና ካሜራውን ሰጣት። ይማርሽ አንድ ዓይኗን ጨፍና ሌላውን ከቀዳዳው አስጠጋች። ወጣት ሴት ታየቻት፤ አንገቷ ቀጭን፣ አፏ የተከፈተ፣ እጇ የሙሽራዋ ትከሻ ላይ። ድምፅ የለም። ካሜራው ብቻ እንደ ምስጥ ይቆረጥማል። የራሷን ከንፈር እያየች በሹክሹክታ ትከተላት ጀመር።

«ሂጂ ልጄ ሂጂ፣ ደጃፍሽ ይለምልም…»

አቋረጠች። «ቃሉ ይኸው» አለች። «ዜማው የት ነበር የሚወጣው? እዚህ ጋ ነው የሚነሣው ወይስ ከዚህ በኋላ?» ወርቅአገኘሁ ሊያዜምላት አፉን ከፈተ። በሰማው ቁጥር ያለቀሰበትን ዜማ፣ በልቡ ሺህ ጊዜ የዘፈነውን፣ ከጉሮሮው ሊያወጣው ሲል የሌላ ሠርግ ዘፈን መጣበት። ይማርሽ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው። «ድምፁን ብቻ ነበር ያልኩህ፣ ወርቄ» አለችና ወጣች።

የሠርጉ ዕለት ሚዜዎቹ ቸኩለዋል፤ የሙዚቃው ኪቦርድ ዳሱን ያናውጠዋል። ንጋት ከደጃፉ ስትደርስ የቀዬው ሽማግሌዎች እጃቸውን አነሡና ኪቦርዱ ዝም አለ። ሁሉም ወደ ይማርሽ ዞረ። ይማርሽ የልጇን ትከሻ ያዘች፤ አፏን ከፈተች፤ የአንገቷ ጅማት ተገተረ። የወጣው ነገር እንደ ሳል ነበር። ደግማ ሞከረች።

«ኧረ ውኃ ስጧት!» አለ ከሙሽራው ወገን አንዱ፣ በቅንነት።

ውኃ መጣ። ንጋት የእናቷን እጅ ከትከሻዋ ላይ አንሥታ ሳመችው። «ተይው፣ እማዬ። ሰምቻለሁ» አለች። አልሰማችም። ኪቦርዱ ቀጠለ፤ ሙሽራዋ ወጣች። ወርቅአገኘሁ እየቀረጸ ነበር፤ ያን ቀን ካሜራው ሙሽራዋን ብቻ ያዘ።

መንገዱ ከሠርጉ በኋላ ሰንብቶ ተከፈተ። ሲዲውም ደረሰ፤ አሮጌው ሲስተም ከነካርዷ ድራይቨር። ወርቅአገኘሁ ሕልሙን ሁሉ ደመሰሰና አሮጌውን መልሶ ጫነው። ማሽኑ እንደ ቀድሞው ሦስት ከምናምን ብቻ ቆጠረ፤ ካሜራውን ግን አወቀው። ድምፁ ገባ። ያለ አንዳች ጌጥ፣ ድምፁ ብቻ፣ ከነሙሉ ግርማው። ወርቅአገኘሁ በፍላሽ ገልብጦ፣ ባትሪ የሚበላ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ሮጦ አይሉት በርሮ ይማርሽ ቤት ደረሰ።

ይማርሽ ከደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። ሰላምታ እስክትመልስ አልጠበቀም፤ ማጉያውን ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ከፈተው።

«ሂጂ ልጄ ሂጂ፣ ደጃፍሽ ይለምልም፣
ያሳደገሽ ክንዴ ባዶውን አይቀርም…»

ድምፁ ተነሥቶ አጥሩን ተሻገረ። ከታች ቤት አንዲት ሴት «እልልልል!» አለች። ከላይ ቤት ተቀበሏት። «ይማርሽ ድምፅዋ ተመለሰላት! ስሙ እስቲ! እመብርሃን ደረሰችላት!» እያሉ፣ ሊጥ የያዘችው በሊጧ፣ ሕፃን ያዘለችው ሕፃኗን እንዳዘለች፣ እልል እያሉ እየሮጡ ግቢውን ሞሉት። አንዲት አሮጊት ከደጃፉ ደርሰው ተንበርክከው መሬት ሳሙ።

ከዚያ አዩ። ይማርሽ አፏ ተዘግቷል። የምትዘፍነው ድንጋዩ ላይ የተቀመጠችው ጥቁር ሳጥን ናት። እልልታው ከአንዷ አፍ ወደ ሌላዋ እየተቆረጠ ሄዶ ጠፋ። አሮጊቷ ጉልበታቸውን እያራገፉ ተነሡ። ማንም ማንንም አላየም።

ይማርሽ ምስሩን ከእነሰፌዱ አነሣች፤ ወደ ቤት ገባች፤ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

ወርቅአገኘሁ ማጉያውን ለመዝጋት ጎንበስ አለ። ጣቱ ቁልፉ ላይ ሲደርስ ድምፁ ወደ ላይ ወጣ፣ ያን ቀን ሱቁ ውስጥ ከይማርሽ የጠፋው የዜማው ራስ፤ እጁም እንቢ አለው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ከግቢው ሲወጡ እሱ እዚያው እንደ ጎነበሰ፣ ዘፈኑ በተዘጋው በር ላይ እስኪያልቅ ሰማው።